ከዞብል ማዶ የሚመጣ ድምፅ፦ ሩቅ ፍንዳታን የማድመጥ ታሪክ

ሩቅ ቦታ የደረሰ ትልቅ ፍንዳታ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በመሬት፣ አንዴ በአየር። በምድር ቅርፊት ውስጥ ቀድሞ የሚገሰግሰው ሞገድ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአየር የሚመጣው ድምፅ ግን በሰከንድ ከ340 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ፣ ታጥፎ የሚወርደው ደግሞ መንገዱ ስለሚረዝም አማካይ ፍጥነቱ ወደ 300 ሜትር ዝቅ ይላል። የሁለቱ መድረሻ ሰዓት በተራራቀ መጠን ፍንዳታውም ሩቅ ነው ማለት ነው። ለቆቦ ከተማ በአፋር የሚገኘው የዳባሁ እሳተ ገሞራ በቀጥታ መስመር 105 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ የተነሣ ንዝረት በ17 ሰከንድ ገደማ ሲደርስ ድምፁ ከ5 ደቂቃ በላይ ይዘገያል። 190 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከሃይሊ ጉቢ ንዝረቱ ግማሽ ደቂቃ፣ ድምፁ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ 260 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ የእሱ ድምፅ የሚደርሰው ሩብ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። አቦል ሲቀዳ የተንቀጫቀጨ ስኒ ምክንያቱ የሚታወቀው ቶና ሲቀዳ ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የራያ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር በረሃ ይለያሉ። በመሐል ያለው ሰፊ ለጥ ያለ ምድር፣ እነ ጎሊና፣ ሆርማትና አላውሃ ከደጋው እየጠረጉ ባመጡት ደለል የተሞላ ጎድጓዳ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት በአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተደረደሩት ትንንሽ ስምጦች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ቦርከና፣ ሐይቅና ማይጨው የዚሁ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ለጤፍና ለማሽላ ገበሬ በረከት የሆነው ደለል ለንዝረት አድማጭ ሌላ ጠባይ አለው። ልል አፈር ከሥሩ ካለው ጠንካራ አለት የሚመጣውን መናወጥ ያጎላዋል፤ በዚያው መጠን የጭነት መኪናውን፣ የወፍጮ ቤቱንና የመስኖ ፓምፑን ንዝረትም ያጎላል።

ዞብል ደግሞ ድምፅን ያጣራል። አንድ ድምፅ ተራራ መሻገር አለመሻገሩ በሞገዱ ርዝመት ይወሰናል። ስለታም ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ተራራው ላይ ተሰብሮ ይቀራል፤ አየሩም ራሱ ይውጠዋል። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ የአየር ግፊት ግን አንዱ ሞገድ 340 ሜትር ይረዝማል፤ በአሥር ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዘው ከ3 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለእንዲህ ያለው ሞገድ የተራራ ሰንሰለት ከጉቶ አይበልጥም። ሩቅ ፍንዳታ ቅርብ እንዳለው «ጧ» ሳይል «እምም» ብሎ፣ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በቆርቆሮ ጣሪያ የሚታወቀው ለዚህ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ውዝዋዜ በታች ያለውን አይሰማም። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ በሳይንስ ቋንቋ ኢንፍራሳውንድ ይባላል፤ መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊትም ሰው በመስኮት መንቀጥቀጥና በከብት መደናገጥ በኩል ያውቀው ነበር።

መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ሩቅ ድምፅን ማንበብ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም የክተት ዐዋጅ ነው፤ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ሞቷል። ራያ ውስጥ ጠመንጃ ለጠብ ብቻ አይተኮስም፤ ለሠርግም ለልቅሶም ይተኮሳል፤ አድማጩም ከአቅጣጫው፣ ከብዛቱና ከአተኳኮሱ ልዩነቱን ያውቃል። ሌሊት ድምፅ ከቀን ይልቅ ርቆ እንደሚሄድ የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቀን ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር ድምፁን ወደ ሰማይ ያጥፈዋል። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው አየር የተሻለ ሙቀት ስለሚኖረው ድምፁን መልሶ ወደ ምድር ያጎነብሰዋል።

መድፍ ወደ አገር ሲገባ የሩቅ ድምፅ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀረጹት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። ለወራት ተጎትቶ መቅደላ ቢደርስም የተመኙለትን ያህል ሳያገሣ ቀረ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ውጊያው ሲጀመር ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ በዚያው ሰዓት ዝናብና ነጎድጓድ ወረደ። ከሩቅ ለሚያዳምጥ ሰው የሰማዩንና የመድፉን ጉምጉምታ መለየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መገመት አይከብድም። ከሳምንት በኋላ እንግሊዞች ሊወጡ ሲሉ የተረፉትን መድፎችና የአምባውን በር በባሩድ አፈነዱ። መቅደላ ከቆቦ በስተደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ ግን ገደልና ደጋ ተደራርቧል።

ለራያ ይበልጥ የቀረበው የማይጨው ጦርነት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ከደሴ ወደ ኮረም አዛውረው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ የጣሊያንን ጦር ገጠሙ። ከማይጨው እስከ ቆቦ በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ባፈገፈገው ጦር ላይ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አወረዱ። በጦርነቱ ዘመን ለሰው የነበረው ማስጠንቀቂያ ጆሮው ብቻ ነበር፤ የአውሮፕላን ሞተር ድምፅ ከቦምቡ የሚቀድመው በደቂቃዎች ነው።

ከምሥራቅ የሚመጣው ድምፅ ግን የሰው ሥራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1861 በቀይ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለው የዱቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ተበተነ፣ የባሕር ዳርቻ ከተሞች በቀን ጨለሙ፣ ሁለት መንደሮች ጠፉ፣ 106 ሰዎች ሞቱ። በታሪክ ዘመን በአፍሪካ ከታወቁት ፍንዳታዎች ትልቁ ነው የሚሉት ተመራማሪዎች አሉ። በዘመኑ ግን ከዳርቻው ውጭ ማን ልብ አለው? ዜናው የተጻፈው በመርከበኞችና በወደብ ሹሞች ደብዳቤ ነው፤ እነሱም ባሕሩን እንጂ ከኋላ ያለውን ደጋ አይመለከቱም ነበር።

በመሣሪያ የታጀበው ማድመጥ የተጀመረው ከ22 ዓመት በኋላ፣ ያውም ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1883 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ክራካታው ሲፈነዳ ድምፁ 4800 ኪሎ ሜትር ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ባለው በሮድሪገስ ደሴት እንደ መድፍ ተሰማ። ከዚያ አልፎ በየአገሩ ለአየር ጠባይ የተተከሉ ባሮሜትሮች የግፊቱን ሞገድ ደጋግመው መዘገቡት፤ ሞገዱ ምድርን ዞሮ ዞሮ ሲመጣ ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ማይክሮፎኖችን በመስመር ደርድሮ፣ የጠላት መድፍ ድምፅ በእያንዳንዱ ላይ በደረሰበት የሰዓት ልዩነት መድፉ ያለበትን ቦታ ማወቅ ጀመረ። የዘዴው መሪ ሎረንስ ብራግ ነበር። ተራ ማይክሮፎን የመድፉን ዝቅተኛ ድምፅ ስለማይዝ፣ በአየር ንፋት የምትቀዘቅዝ የጋለች ቀጭን ሽቦ መሣሪያ አድርገው ተጠቀሙ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ኦፓው በተባለ የጀርመን ከተማ የማዳበሪያ ፋብሪካ ፈነዳ። ድምፁ 300 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሙኒክ ሲሰማ፣ በመካከል ባሉ ብዙ ቦታዎች ግን አልተሰማም። የእንግሊዙ የአየር ጠባይ ሊቅ ፍራንሲስ ዊፕል ምክንያቱን በ1923 አመለከተ፦ በ40ና 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ ድምፁን እንደ ጣሪያ መልሶ ወደ ምድር ያወርደዋል። ወደ ላይ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የሚያርፈው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ምድር የጸጥታ ቀለበት ይሆናል። ይህ ለቆቦ ትልቅ ትርጉም አለው። 105 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ዳባሁ በዚያ የጸጥታ ቀለበት ውስጥ ሲወድቅ፣ 190 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሃይሊ ጉቢ ድምፁ መልሶ ከሚያርፍበት ዳር ላይ ነው። የቅርቡ ሳይሰማ የሩቁ ሊሰማ ይችላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በዚያ ከፍታ ያለው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚነፍስ፣ የክረምት ወራት ከአፋር ወደ ራያ ለሚመጣ ድምፅ መንገድ ይጠርጋሉ። የክረምቱ ነጎድጓድ ደግሞ በዚያው ወቅት ይደርባል፤ የተፈጥሮ ምቀኝነት ይመስላል።

ሩቅ ፍንዳታን ማድመጥ የመንግሥታት ሥራ የሆነው በኑክሌር ቦምብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምት ጄኔቫ ላይ የምሥራቁና የምዕራቡ ባለሙያዎች ተቀምጠው፣ በድብቅ የሚደረግ የኑክሌር ሙከራ እንዴት ይታወቃል ብለው ተወያዩ። መልሳቸው በዓለም ዙሪያ ከ160 የማያንሱ የማድመጫ ጣቢያዎችን የሚጠይቅ ነበር፤ ዘዴዎቹም የመሬት ንዝረት፣ የአየር ግፊት፣ የሬዲዮ ምልክትና የአየር ናሙና ነበሩ። በዚያን ጊዜ የዓለም የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል፣ ሰዓቱም የማይገጥም ነበር። አሜሪካ ከመከላከያ በጀቷ አውጥታ ወደ 120 ለሚሆኑ ጣቢያዎች አንድ ዓይነት መሣሪያ ሰጠች፦ ሦስት ለፈጣን፣ ሦስት ለዝግተኛ ንዝረት፣ በየቀኑ በፎቶ ወረቀት የሚጻፍ፣ ሰዓቱ በሬዲዮ የሚታረም።

ከነዚያ ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ፤ መለያ ስሙ «ኤ ኤ ኢ» ነው። ቦታው አስቀድሞ ተሰናድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከፈት፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁመው ነበር። የመጀመሪያው ዓላማ የምድርን መግነጢስ መለካት ነው፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናትና። የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣው በኋላ ነው። እንዲህ ሆኖ የኢትዮጵያ ዋናው የርዕደ መሬት ጆሮ የተገዛው ለሌላ አገር ቦምብ ነው። ቦምቡ ይሰማ እንጂ፣ በየቀኑ ወረቀቱን የሞላው ግን የአፋርና የስምጥ ሸለቆ ንዝረት ነበር።

ኦብዘርቫቶሪው ሥራ አልጠበቀም። በ1953 ዓ.ም መጨረሻ፣ ከቆቦ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ፣ ካራ ቆሬና ማጀቴ ለወራት ተንቀጠቀጡ፤ ዋናው ርዕደ መሬት ከ6 ማግኒትዩድ አልፎ ማጀቴን አፈረሰ፣ የደሴን መንገድ ሰነጠቀ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም የሰርዶ መንደር በአፋር ወደመች፤ ሰዎችም ሞቱ። ጉዌን እነዚህን ከመመዝገብ አልፈው ወደ ኋላ ተመልሰው ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የሚሲዮኖችን ደብዳቤ አገላበጡ። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ የያዘው ትልቁ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። የዚህ ዓይነት ሥራ ዋና ጣጣ ጥንታዊ ጸሐፊ ርዕደ መሬትን፣ የገደል መናድን፣ የእሳተ ገሞራን ፍንዳታና የነጎድጓድን ድምፅ በአንድ ቃል መጻፉ ነው። «ምድር ተናወጠች፣ ሰማይ ጮኸ» የሚል ዓረፍተ ነገር የትኛው ቀደመ የሚለውን አይመልስም፤ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

አንዳንድ ፍንዳታ የሚደረገው እንዲደመጥ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በአፋርና በደጋው ላይ ፈንጂ እያፈነዱ፣ ሞገዱ በየጣቢያው በደረሰበት ሰዓት የምድርን ቅርፊት ውፍረት ለኩ። በጥር 1995 ዓ.ም ደግሞ ኢግል የተባለው የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ፕሮጀክት ከ1000 በላይ መሣሪያዎችን በስምጥ ሸለቆው ላይ ዘርግቶ፣ በጉድጓድና በሐይቅ ውስጥ ከሃያ በላይ ፍንዳታ አደረገ። የየአንዱ ፍንዳታ ቦታና ሰከንድ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የሚቀረው የመንገዱን ጠባይ ማስላት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ፣ ከመቀሌ ወደ ሐራ ገበያ የተቀየሱት የባቡር መስመሮች ከድንጋይ ማውጫና ከዋሻ ሥራ ጋር ሌላ የፍንዳታ ምንጭ ሆኑ፤ እንዲደመጡ ግን ማንም አላሰባቸውም።

የድንጋይ ማውጫ ፍንዳታን ከርዕደ መሬት መለየት የባለሙያው የዕለት ፈተና ነው። ፈንጂ ዙሪያውን ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በየአቅጣጫው ያለ መሣሪያ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ወደ ላይ ያሳያል። ርዕደ መሬት ግን አለት በአለት ላይ ሲንሸራተት ስለሆነ አንዱን ወገን ይገፋል፣ ሌላውን ይስባል። የተንሸራተተ አለት ሁለተኛውን፣ ወደ ጎን የሚያወዛውዘውን ሞገድ በጉልህ ያመነጫል፤ ፈንጂ ያንን በደካማው ነው የሚያወጣው። ጥልቀትም ይረዳል፤ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ፈንጂ የሚቀብር የለም። ከሁሉ የሚቀለው ምልክት ግን ሰዓት ነው፦ የድንጋይ ማውጫ በሥራ ሰዓት ይፈነዳል፤ እሑድና በዓል ያርፋል። መሬት ላይ የሚፈነዳ ነገር ደግሞ ጉልበቱን በአየር ይበትናል፤ ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 የደረሰው የቤሩት ወደብ ፍንዳታ ነው። ከተማ ያፈረሰው ፍንዳታ በመሬት ንዝረት 3.3 ማግኒትዩድ ብቻ ሲመዘገብ፣ በአየር ግን ቱኒዚያና ጀርመን ባሉ የኢንፍራሳውንድ ጣቢያዎች ተሰማ።

የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996 ለፊርማ ሲከፈት ኢትዮጵያ በሁለተኛው ቀን ፈረመች፤ በ1998 ዓ.ም አጸደቀች። ስምምነቱ 170 የመሬት ንዝረት፣ 60 የኢንፍራሳውንድ፣ 11 የውቅያኖስ ድምፅና 80 የጨረር ጣቢያዎችን ያቅዳል። በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው የፉሪ ተራራ ጣቢያ በረዳት የንዝረት ጣቢያነት ተካትቷል። የኢንፍራሳውንድ ጣቢያ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አልተመደበም፤ ለራያ ቅርቡ ጅቡቲ፣ ከቆቦ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ነው። ሌላው ናይሮቢ ነው።

የጅቡቲው ጣቢያ ዋጋውን ያሳየው በሰኔ 2003 ዓ.ም ነው። ሰኔ 5 ለ6 ሌሊት፣ በታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው ናብሮ ፈነዳ። 264 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ጅቡቲና 1708 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ናይሮቢ ሁለቱም በኢንፍራሳውንድ ያዙት። እሳተ ገሞራው እንደ ጄት ሞተር ያለ ያላቋረጠ ድምፅ ያወጣ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች የፍንዳታውን መቀጠልና መብረድ በርቀት ለመከተል ቻሉ። አመዱ በረራ ሲያስተጓጉል አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ።

ከዚያ 6 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የዳባሁ ነገር በተቃራኒው በመሬት ብቻ የተደመጠ ታሪክ ነው። በ1998 ዓ.ም መስከረም መግቢያ አፋር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሩቅ ባሉ ጣቢያዎች የተያዙት ብቻ ከ160 በላይ ናቸው። መስከረም 16፣ በራያም በሌላውም አገር ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ ዳ ኡሬ በተባለ ቦታ መሬት ተቀድዶ አመድና ጢስ ወጣ። በኋላ ከሳተላይት እንደታየው 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቶ፣ ቀልጦ የወጣ አለት ሞልቶታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ከነሱ መካከል ሆነው፣ ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር መሣሪያ ይዘው የደረሱት ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አድማጮች የጤሩ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ጤሩ የጎሊና ወንዝ ከራያ ተነሥቶ በሚወርድበት በዚያው የአፋር ዞን ውስጥ ነው፤ ውሃው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ንዝረቱ ወደ ምዕራብ ይመለሳል።

ማድመጥ ከመንግሥትና ከዩኒቨርሲቲ እጅ ወጥቶ ወደ ግለሰብ የገባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ሌማን የተባለ መምህር እንደ በር የሚዞር አግድም ዘንግ ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥሎ፣ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ንዝረት የሚመዘግብ መሣሪያ አሳየ፤ ብዙ አማተሮች በየጓዳቸው ሠሩት። ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ራስበሪ ሼክ ነው፤ አንድ የፓናማ ድርጅት እጅ የምታህል ርካሽ ኮምፒዩተርን ከነዳጅ ፈላጊዎች ጂኦፎን ጋር አጣምሮ ለገበያ አቀረበ። ጂኦፎን ውስጡ ቀላል ነው፦ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል በማግኔት ዙሪያ ሲወዛወዝ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ኮምፒዩተሩም በሰከንድ 100 ጊዜ ይለካዋል። ቆየት ብሎ ኢንፍራሳውንድ የሚለካ ወንድሙ ተጨመረለት። እሱ ደግሞ የሁለት ወገን የአየር ግፊት ልዩነት ይለካል፤ አንዱ ወገን ለውጭው አየር ክፍት ነው፣ ሌላው በቀጭን ቱቦ ብቻ ቀስ ብሎ ከሚተነፍስ ዝግ ዕቃ ጋር ይገናኛል። ለዚያ ዝግ ዕቃ፣ ሙቀት እንዳይለዋወጥበት፣ ፔርሙዝ ይመረጣል።

ድሃ አገር ይህን በመጠቀም ረገድ ወደ ኋላ አልቀረም። ሄይቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የርዕደ መሬት ጥፋት በኋላ ተመራማሪዎች ትንንሾቹን መሣሪያዎች በፈቃደኛ ሰዎች ቤት አስቀመጡ፤ ኦገስት 14 ቀን 2021 ሌላ ርዕደ መሬት ሲደርስ ለመረጃው ትልቅ ድርሻ ያበረከቱት እነዚያው የቤት መሣሪያዎች ነበሩ። ኔፓል ደግሞ ትምህርት ቤቶችን መረጠች። ትምህርት ቤት የተሻለ ምርጫ ይመስላል፤ ሌሊት ጸጥ ይላል፣ ጠባቂ አለው፣ መሣሪያው ባይጮህም ተማሪው ይማርበታል።

በራያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲተከል አፈርና ነፋስ ይዋጉታል። ጂኦፎኑ ደለል ላይ ከሚቀመጥ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ቀረብ ብሎ አለት በሚወጣበት ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ አስፋልቱ ዳር ያለ ቤት የሲኖትራኩን ብዛት እንጂ የአፋርን ድምፅ አይናገርም። የኢንፍራሳውንዱ ጠላት ነፋስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የሚነሣው ነፋስ ግፊቱን ከማንኛውም ሩቅ ፍንዳታ በላይ ያወዛውዘዋል። የትልልቆቹ ጣቢያዎች መድኃኒት ብዙ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በኮከብ ቅርጽ መዘርጋት ነው፤ የየቀዳዳው የነፋስ ሽብር እርስ በርሱ ሲጠፋፋ፣ ከሩቅ የመጣው ረጅም ሞገድ ግን በሁሉም እኩል ስለሚገባ ይጎላል። የተበሳሳ የአትክልት ማጠጫ ጎማ በአነስተኛ ደረጃ ያንኑ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ባትሪና ሶላር ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ቴክኒክ ያልሆነ ነገር አለ። ራያ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማበት የቆየ ምድር ነው፤ መሬት ውስጥ ሳጥን ቀብሮ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ለጎረቤትና ለቀበሌ አስቀድሞ ካላስረዳ መሣሪያው ከመስማቱ በፊት ይሰማበታል።

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም ቶንጋ ውስጥ ሁንጋ የተባለ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ማንኛውም ደኅና ባሮሜትር ይበቃ ነበር። ከዚያ እስከ ቆቦ በምድር ክብ ላይ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግፊት ሞገዱ በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ስለተጓዘ ራያን ያቋረጠው ከ14 ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 3:30 ገደማ ነው፤ በሌላው ጎን የዞረው ከንጋቱ በፊት ከምዕራብ ተመልሶ መጣ። በየአገሩ ያሉ አማተሮች ያንን በየቤታቸው መዝግበው አነጻጸሩት፤ ከክራካታው ወዲህ እንዲህ ያለ ሞገድ በዚህ ስፋት የተያዘበት ጊዜ የለም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም፣ እሑድ ረፋድ 5:30 ገደማ፣ ከዚያ በፊት ፍንዳታው ተመዝግቦ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ በአፍዴራ አካባቢ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ሄደ፤ የአካባቢው ነዋሪ ድምፁን ቦምብ እንደተጣለ አድርጎ ነገረው። በሥራ ቀን ሳይሆን በእሑድ መሆኑ ከድንጋይ ማውጫ ፍንዳታ ለሚለይ ሰው የመጀመሪያው ፍንጭ ነበር።

አንድ ጣቢያ ብቻውን ድምፁ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ ሦስት ከተሞች ግን ይናገራሉ። ሃይሊ ጉቢ ከአላማጣ 173፣ ከቆቦ 190፣ ከወልድያ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድምፁ አላማጣ ከደረሰ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቆቦ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆይቶ ወልድያ ይደርሳል። ከዳባሁ የተነሣ ከሆነ አላማጣና ቆቦ ልዩነታቸው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ወልድያ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ትዘገያለች። ከሐራ በኩል ካለው የባቡር ሥራ የመጣ ፍንዳታ ተራውን ይገለብጠዋል፤ ቀድማ የምትሰማው ወልድያ ናት። ለዚህ የሚያስፈልገው የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን የተስማማ ሰዓት ነው። በሳተላይት ሰዓቱን የሚያርም መሣሪያ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል በታች ይሳሳታል፤ በእጅ የተሞላ ሰዓት ግን በሳምንት ደቂቃ ሊያዛንፍ ስለሚችል አላማጣንና ቆቦን ያቀያይራቸዋል።